በአርባ አንደኛው ደቂቃ የነበረው እጅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ፕረስኮት ዌልማን፣
«የእንጨት ጥርስ» የተባሉት ፊልሞች ባለመብት በሆነው ኩባንያ የእድሳትና የጥራት ዋና ኃላፊ፣
ሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤትዎ ስልክ ላይ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሙዚቃ ላስደመጠኝ ማሽን ጤና፣ ዕድሜና የማይጎድል ሰላም እመኛለሁ። እኛ የኮብ ሆሎው፣ ፔንሲልቬንያ ነዋሪዎች ደህና ነን፤ ክረምቱ አልፏል፣ ወንዙም ዘንድሮ ምድር ቤታችን አልገባም። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ብሆን ባለፈው መጋቢት፣ በጾሙ ሁለተኛ ዓርብ፣ በክቡርነትዎ መልካም ፈቃድ ሞቻለሁ። ዝርዝሩን ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

ስሜ ሮዛሊ ፓቭላክ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ስሆን፣ የ«እንጨት ጥርስ» ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊም ነኝ። ስድሳ ልጅ ከኋላዬ ጭኜ ዝም ያሰኘሁ ሴት በመሆኔ አንድ ኩባንያ ማነጋገር አያቅተኝም ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ለሦስቱም የደረሰኝ መልስ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ እንዲህ ይላል፦ «አስተያየትዎ ደርሶናል። ሌላ ስህተት ካገኙ ለመጠቆም አያመንቱ።» ስለዚህ ይኸው ሳላመነታ መጥቻለሁ፤ አሁን ግን በጋዜጣ ነው፣ ምክንያቱም ጋዜጣ ሙዚቃ አያስጠብቅም።

ክቡርነትዎ ብዙ ፊልም ያሳድሳሉና የእኛን ላያስታውሱት ስለሚችሉ በአጭሩ ላስታውስዎ ይፍቀዱልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት «የእንጨት ጥርስ» ፊልሞች እዚያው እናንተ ዘንድ፣ በደህና ገንዘብ የተሠሩ ነበሩ፤ ሰው የሚበሉት አሻንጉሊቶች ሆዳቸው ውስጥ ሞተር፣ ዓይናቸው ውስጥ መብራት ነበራቸው። ሦስተኛው፣ «የመጀመሪያው ንክሻ» የተባለው፣ ከሁለቱ በፊት የሆነውን ይተርካል፦ አሻንጉሊቶቹን ማን እንደጠረባቸውና የሰው ሥጋ እንዴት እንደለመዱ። ታሪኩ ወደ ኋላ ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ወደ ኋላ ሄዶ ስለነበር፣ የፊልሙ ሰዎች ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ወደ ተዘጋው የመስታወት ፋብሪካችን መጥተው፣ በአሥራ አንድ ቀን ቀርጸው፣ ምሳ ያቀረብንበትን ሳህን እንኳ ሳይመልሱ ሄዱ። አንድ የፒትስበርግ ጋዜጣ «በአንድ ከሰዓት የተሠራ ይመስላል» ብሎ ሲጽፍ ከተማው በሙሉ ተቀይሞ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን አሥሩ ቀን ያለቀው ጭስ የሚያወጣውን ማሽን በመጠገን ነው።

ይህን ፊልም እንወደዋለን። በየዓመቱ በጾሙ ሁለተኛ ዓርብ፣ በበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የተጠበሰ አሳና ፒሮጊ የሚባል ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ እንበላለን፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የእሳት አደጋው አለቃ ዱዌይን ሃክ መብራቱን አጥፍቶ ፊልሙን ይጀምራል። ሰው ከኦሃዮ ይመጣል፤ አንድ ዓመት ከጃፓን ድረስ አንድ የጥርስ ሐኪም መጥቶልን ነበር። የፊልሙ ፖሊስ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ «እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ማንም የለም» ሲል፣ ሦስት አሻንጉሊት ከጀርባው ቆሞ እያየ መቶ ሃምሳ ሰው በአንድ ድምፅ «ዞር በል እንጂ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ይጮህበታል። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ አያውቅም። እኛም አንድ ዓመት ዞር ይል ይሆናል እያልን እንመጣለን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ማኅበራችን በሃያ ዓመት ውስጥ የፊልሙን ስህተቶች አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ ጽፎ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት አድርሷቸዋል። ይህን መዝገብ ያዘጋጀነው በፍቅር ነው። እናት የልጇን ጠማማ ጥርስ ቆጥራ የምታውቀው ልታስነቅለው አስባ አይደለም። ክቡርነትዎ ፊልሙን ሊያሳድሱት መሆኑን በሰማን ጊዜ ግን ደስታው አሳወረንና መዝገቡን በቀይ ሪባን አስረን፣ አንድ ጣሳ የቤት ብስኩት ጨምረን፣ ለመሥሪያ ቤትዎ በስጦታ ላክነው። የእጃችንንም አገኘን። ክቡርነትዎ ሪባኑን ፈትተው፣ ብስኩቱን በልተው፣ መዝገቡን እንደ ጥገና ትእዛዝ ቆጥረው ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም አስተካከሉልን። በአዲሱ ዲስክ ሽፋን ላይም «ስህተቶቹን በትጋት ለጠቆሙን የኮብ ሆሎው ወዳጆቻችን ልዩ ምስጋና» ብለው አሳተሙልን። ሊኩል ገብቶ ዓይን አጠፋ ሲባል እሰማ ነበር፤ ኩሉን በጥብጠው ያቀበሉ ሰዎች ግን ከእኛ በፊት የነበሩ አይመስለኝም።

ስለሆነም ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሞቴ። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ በምድጃው ክፍል ውስጥ ተጋድማ የምትታየው ሦስተኛዋ ሟች እኔ ነኝ። ደም ተብሎ የተቀባብኝ ቀይ ቀለም የተነከረ የበቆሎ ሽሮፕ ስለነበር ዝንቡ ሁሉ ተሰበሰበብኝና አንዱ ቅንድቤ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን አርገበገብኩ። መልሰው ለመቅረጽ ትርፍ ጥሬ ፊልም ስላልነበራቸው እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ዓይኔን ሳርገበግብ አዳራሹ «አለች! አለች!» ብሎ ያጨበጭብልኛል፤ ባሌ ሲሞት፣ ጉልበቴ ሲቀየር፣ ጡረታ ስወጣ፣ ሁልጊዜም መጋቢት ላይ «አለች» ተብዬ ከርሜያለሁ። ክቡርነትዎ ዓይኔን ስለከደኑልኝ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ሲደርስ አዳራሹ ዝም አለ፤ ዱዌይንም ከማሽኑ ኋላ ሆኖ «በቃ፣ ሮዛሊ አረፈች፤ ፒሮጊዋን ማን ይውሰድ?» አለ። በሕይወት ሳለሁ ቀብሬን ያየሁ ብቸኛዋ የአውቶቡስ ሹፌር ያደረጉኝ ክቡርነትዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ክሮቹ። ከእድሳቱ በፊት አሻንጉሊቶቹ በክር ተንጠልጥለው መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ነኝ ባይ ሁሉ ከሦስተኛ ረድፍ ሆኖ የክሩን ቁጥር መናገር ይችል ነበር። አሁን ክሩ ጠፍቶ አሻንጉሊቶቹ ያለ ምንም ምክንያት ይዘላሉ። አንድን ነገር የሚጎትተው ማን እንደሆነ የማይታይበት ሁኔታ እጅግ የሚያስፈራ መሆኑን እናምናለን፤ ነገር ግን ይህን ፍርሃት ምርጫ በመጣ ቁጥር በነፃ ስለምናገኘው፣ ለመዝናኛችን ባይጨመርብን እንመርጥ ነበር።

ሦስተኛ፣ የድንጋይ ከሰሉ ባቡር። እናትየዋ የልጇን ጫማ ታቅፋ በምታለቅስበት ቦታ ባቡሩ ከፋብሪካው ጀርባ ያልፋል፤ ተዋናይዋም ለቅሶዋን አቁማ፣ ፉርጎዎቹ እስኪያልቁ ጠብቃ፣ ተንፍሳ ትቀጥላለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ሐዘን በየትም ፊልም አላየሁም። ባቡሩን አውጥተውታል፤ ሴትዮዋ ግን አሁንም ቆማ ትጠብቃለች፣ ምን እንደምትጠብቅ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፣ የፖሊሱ ጢም። ስለ ጢሙ ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ዱዌይን «እሱን ተይው፣ ጋዜጣው ቦታ የለውም» ስላለኝ ትቼዋለሁ። ጢሙ ግን ሲወድቅ ያምር ነበር።

አምስተኛውን በተመለከተ እስካሁን የያዝኩት ፈገግታ ትንሽ ሊዛነፍብኝ ስለሚችል ክቡርነትዎ ይታገሡኝ።

አሻንጉሊቶቹን የጠረባቸው ኤሚል ክራሊክ የሚባል የከተማችን ሰው ነበር። በመስታወት ፋብሪካው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ብርጭቆ ይቀረጽባቸው የነበሩትን የቼሪ እንጨቶች ከቆሻሻ ክምር አንሥቶ ቤቱ ያከማቸ ሰው ነው። የፊልሙ ሰዎች አሻንጉሊት የሚሠራ ሰው ሲፈልጉ እሱን አገኙት። ስድስት ጠረበላቸው፤ ያንቀሳቀሳቸውም እሱው ነው፤ አንዳንዴ ከላይ በክር፣ አንዳንዴም ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ሳንባው ከድቶት በአርባ አራት ዓመቱ ሞተ፤ ፊልሙ የወጣው በተከታዩ የጸደይ ወራት በመሆኑ አላየውም። በፊልሙ መጨረሻ ላይ የምግብ አቅራቢው ውሻ ስም ሳይቀር ተጽፎ ሳለ ኤሚል «እና ሌሎችም» በሚለው ውስጥ ተጠቃሏል።

ነገር ግን በአርባ አንደኛው ደቂቃ አንድ ነገር አለ፤ ነበረ ማለቴ ነው። «ዳኛው» የተባለው አሻንጉሊት፣ መዶሻ ይዞ ሰው የሚፈርድበት፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ አንድ የሰው እጅ ከሥር ብቅ ይላል፤ የሌባ ጣቱን ጫፍ መስታወት የቆረጠው የኤሚል ግራ እጅ ነው። ዳኛውን ከአየር ላይ ይቀልበዋል፣ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ከዚያም ካሜራው እያየው መሆኑን ረስቶ በአውራ ጣቱ የዳኛውን ኮሌታ ያስተካክልለታል። አራት ሰከንድ ነው። የኤሚል ሚስት ቬራ የዛሬ ሠላሳ ዓመት በመጀመሪያው ማሳያ ላይ ይህን ስታይ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «እንዲህ ነው የእኔንም የሚያስተካክለው፣ ቤተ ክርስቲያን ልንገባ ስንል!» አለች። በቤታቸው ፎቶ አንሺው ሁልጊዜ እሱ ስለነበር፣ ሲንቀሳቀስ የሚታይበት በዓለም ላይ ያለው ነገር ይህ አራት ሰከንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። እጁ ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ እጁን አንሥቶ እያወዛወዘ «እንደምን አመሸህ ኤሚል!» ይላል፤ ቬራም ከፊት ረድፍ ሳትዞር «አርፋችሁ ተቀመጡ፣ ሥራ ላይ ነው!» ትለናለች። እጅግ በጣም እንስቃለን። የሚያለቅስም አይጠፋም፣ ግን ጨለማ ነው።

የቪዲዮ ካሴት ደግሞ አብዝተው የመለሱት ቦታ ላይ ነው የሚያልቀው። የእኛም ካሴት፣ በየቤቱ ያሉትም ጥቂት ካሴቶች፣ ሁሉም እዚያችው አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ አለቁ፤ የቬራን ደግሞ የዛሬ ሰባት ዓመት ወንዙ በላው። ላለፉት አራት ዓመታት በእጃችን ሰላም ያልነው ነጭ ነጠብጣብ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥላ ነው። ስለዚህ ፊልሙ መጀመሪያ ከተቀረጸበት ጥሬ ፊልም ተወስዶ ሊጸዳ ነው ሲባል ማን እንደ እኛ ይደሰት? ቬራ በሰባ አምስት ዓመቷ አዲስ መነጽር አሠራች። እኔም በመዝገቡ ላይ፣ ተራ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንት፣ በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አርባ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ፤ ከጠረጴዛው ሥር የሰው እጅ ይወጣል፤ እባካችሁ ለዚህ ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግለት።»

ልዩ ጥንቃቄ ተደርጎለታል። መጋቢት ላይ አርባ አንደኛው ደቂቃ ሲደርስ መቶ ሃምሳ ሰው እጁን አነሣ፤ ዳኛው ወደቀ፤ ከዚያም ማንም ሳይነካው ተንሳፎ ተመለሰ፣ ኮሌታውም በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። መቶ ሃምሳ እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቬራ መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ ሁላችንንም ሳይሆን እኔን እያየች፣ «ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ሳይቀር ምነው ዛሬ ቀረ?» አለች።

ክቡርነትዎ፣ አፈርኩ። ሌላ የምለው የለኝም፤ አፈርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣም እንደዚያው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ወጥ ቤት ገብታ የተረፈውን ፒሮጊ ስትጠቀልል አገኘኋት።

«ሮዛሊ፣ ደቂቃውን የጻፍሽላቸው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ቬራ። ከነሰከንዱ።»

«ድሮም ጎበዝ ተማሪ ነበርሽ» አለች። ከዚያ አንዱን ጥቅል ሰጠችኝና «እኔም ብሆን እጽፍላቸው ነበር። ባሌን እዩልኝ ብዬ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፒሮጊውን እስከ ዛሬ አልበላሁትም፤ ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው ይህን ነው። የቀረውን ሁሉ መርቄልዎታለሁ፤ ባቡሩን፣ ክሩን፣ ጢሙን ይውሰዱ፣ እኔንም እንደሞትኩ ይተዉኝ። ነገር ግን የሕግ ክፍልዎ ለብቻው በላከልኝ ሌላ ደብዳቤ ጥሬው ፊልም «አገልግሎቱን በመጨረሱ በነሐሴ ወር መጨረሻ ይወገዳል» ይላል። ከመወገዱ በፊት ከዚያ ላይ አራት ሰከንድ ተቆርጦ ለወይዘሮ ቬራ ክራሊክ ይላክላት። ድምፅ አያስፈልገውም፣ ቀለሙም ባይስተካከል ግድ የለንም። ይህ ከኩባንያው አቅም በላይ ከሆነ እኔው አውቶቡስ ተከራይቼ ልመጣ ዝግጁ ነኝ፤ ከኮብ ሆሎው ሎስ አንጀለስ ድረስ አራት ቀን ይፈጃል፣ ተሳፋሪዎቼም አሳ በልተው ነው የሚሳፈሩት።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዓይንዎ ያየውን ሁሉ ያለ እንከን ያድርግልዎ፣ ወንበርዎም ሆነ ወንበርዎን የሚደግፈው እጅ አይጉደልብዎ እያልኩ፣ ከልብ የመነጨ አክብሮቴን በደረቅ ሬሳነቴ አቀርባለሁ።

ሮዛሊ ፓቭላክ
ሦስተኛዋ ሟች፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ የተራ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ስምንት ደራሲ
ኮብ ሆሎው፣ ፔንሲልቬንያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለቬራ አነበብኩላት። «ስድቡ በዛ» ብላ ሁለት ቦታ አስቀነሰችኝ፤ ከዚያም አንድ ነገር እንድጨምር አዘዘችኝ። ከዲስኩ ጋር በመጣችው ትንሽ መጽሐፍ ላይ እጁን ያጠፋው ባለሙያዎ ሁለት ሳምንት እንደፈጀበት፣ ዘጠና ስድስቱንም ሥዕል አጉልቶ አንድ በአንድ እንደሠራው በኩራት ተጽፏል። እሷ እንደምትለው ይህ ሰው የባሏን እጅ ከእሷ ይልቅ አጥርቶ አይቷል፤ ስለዚህ ይቅርታ እንዲጠየቅላት ሳይሆን አንድ ነገር እንዲጠየቅላት ትፈልጋለች። ኤሚል ፋብሪካ ሲገባ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ውስጥ የሚያኖር ሰው ነበር፤ ፊልም የተቀረጸ ቀን ግን «ለካሜራው ብዬ አድርጌው ነበር» ብሏት ነበር። እሷ ሠላሳ ዓመት ስታይ አንዴ ያለ፣ አንዴ የሌለ እየመሰላት እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። ባለሙያዎ ያስታውስ እንደሆነ ይጠይቁልን፦ ሲያጠፋው ቀለበት ነበረው?